የቀጥተኛ ኃይል ብሬከርና የነጋዴው ኃላፊነት

በደሴና በኮምቦልቻ የሶላር ሰሌዳ፥ ባትሪና ብሬከር ፈላጊያቸው እየበዛ ሄዷል። ገዢው ብሬከር ሲጠይቅ ሻጩ የትኛውን እንደሚሰጠው ሊያውቅ ይገባል፤ ብሬከር ሁሉ አንድ አይደለምና።

ከመብራት ኃይል መስመር ወደ ቤት የሚገባው ተለዋዋጭ ኃይል በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ፥ ብሬከሩ ሲቆርጥ የሚነሣው የእሳት ብልጭታ ወዲያው ይጠፋል። ከሶላርና ከባትሪ የሚመጣው ቀጥተኛ ኃይል ግን ዜሮን ስለማይነካ፥ ብልጭታው ሳይቋረጥ ነዶ ብሬከሩን ሊያቀልጥ፥ ከዚያም አልፎ ቤትና ሱቅ ሊያቃጥል ይችላል።

ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ በሴሚኮንዳክተር የሚሠራው ብሬከር ነው። ኃይሉን የሚቆርጠው ብረት ከብረት በማላቀቅ ስላልሆነ ብልጭታ አያስነሣም፤ የሚቆርጠውም በሴኮንድ ሚሊዮንኛ በሚቆጠር ጊዜ ነው። ነገር ግን ኃይል ሲያልፍበት ስለሚሞቅ ማቀዝቀዣ ይሻል፤ ዋጋውም ውድ ነው፤ መስመሩን ፈጽሞ ለመለየትም ተጨማሪ ማቋረጫ ያስፈልገዋል።

ቀጥተኛ ኃይል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የተሠራው በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ነው። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህም ባለባትሪው መኪና በዝቷል።

ለቤት ሶላር ግን ለቀጥተኛ ኃይል የተሠራው ተራ ብሬከር ይበቃል። ስለዚህ አስመጪው ዕቃው ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ከመድረሱ አስቀድሞ፥ ገና ሲያዝ፥ የ«ዲሲ» ምልክቱንና የቮልት ልኩን ያረጋግጥ፤ ባለሱቁም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የተጻፈበትን ለይቶ አገጣጠሙን ለገዢው ያስረዳ። ያለቦታው የገባ ብሬከር ቤት ካቃጠለ፥ የተገኘው ትርፍ የነጋዴውን ስም አይመልሰውም።