የአንድ ቀን ዋጋ ስንት ነው?

በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ እኛ ሐበሾች «ጄፒ» በምንለው ሰፈር ብርድ ልብስ የሚሸጥ ወገናችን የዕቃውን መነሻ ዋጋ፣ የሱቁን ኪራይና የሚቀረውን ትርፍ ከነሳንቲሙ ያውቃል። እንደ እኔ በትርጉም ወይም በሌላ ሙያ በግሉ የሚሠራው የተማረ ሰው ግን «ለቀኑ ስንት እንክፈልህ?» ሲባል ይሉኝታ ይይዘዋል። «እንደመሰላችሁ» ብሎ ዋጋውን ለከፋዩ ያስረክባል።

ዋጋ የሚጠራውም ቢሆን የወር ደመወዝን በሥራ ቀን ያካፍላል። በወር 30,000 ራንድ ይገባኛል የሚል ሰው ለ20 ቀን አካፍሎ «1,500 ራንድ» ይላል። ስሌቱ ትክክል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ተቀጣሪ ለማይሠራባቸው ቀናትም ይከፈለዋልና። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የደቡብ አፍሪካ የሥራ ሕግ በዓመት 21 ተከታታይ ቀናት፣ ማለትም በሳምንት 5 ቀን ለሚሠራ 15 የሥራ ቀናት፣ ዕረፍት ይሰጣል፤ በ3 ዓመት ውስጥም የ6 ሳምንት የሕመም ፈቃድ ከነክፍያው አለ። በግሉ የሚሠራ ሰው ከዚህ አንዱንም አያገኝም።

እስቲ አብረን እናስላ። ከ365 ቀን 104 ቅዳሜና እሑድ፣ 12 የበዓል፣ 15 የዕረፍትና 10 የሕመም ቀናት ሲቀነሱ 224 ይቀራሉ። ከእነዚህ ሲሶው ሥራ በማፈላለግ፣ ሒሳብ በመላክና ያልተከፈለ ገንዘብ በመጠየቅ ያልፋል ብንል፣ የሚከፈልባቸው 150 ያህል ናቸው። በዓመቱ 360,000 ራንድ ላይ ለኮምፒውተር፣ ለኢንተርኔት፣ ለትራንስፖርት፣ ለሕክምና መድንና ለጡረታ ቁጠባ 90,000 ቢጨመር 450,000 ይሆናል። ለ150 ሲካፈል 3,000 ራንድ፣ የፊተኛው እጥፍ ነው። ግብሩም ከዚሁ ይወጣል፤ በየወሩ ቀንሶ የሚያስገባለት አሠሪ ስለሌለ በኦገስትና በፌብሩዋሪ መጨረሻ ራሱ አስቦ ይከፍላል።

«ሌላው በ1,500 ይወስደዋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ገበያው ሁልጊዜ 3,000 አይከፍልም። ነገር ግን ወለሉን የሚያውቅ ሰው ዝቅ ሲል ምን ያህል እንደሚጎድለው አውቆ ይወስናል።

ወረቀት ፍለጋ ለሚንከራተት ስደተኛ ወገኔ ሳስተረጉም ገንዘብ አልቀበልም፤ ነፃውን ነፃ እላለሁ። በጀት ያለው ድርጅት ግን የዚያን ስደተኛ ችግር አንስቶ በግማሽ ዋጋ ቢያሠራኝ፣ ልግስናው የእኔ ሆኖ ምስጋናው የእርሱ ይሆናል። ከሁሉ በላይ፣ ዛሬ በይሉኝታ የጠራነው ዋጋ ነገ ከኋላችን ለሚመጣው ወጣት ጣሪያ ይሆንበታል።

ቸር ይግጠመን።