ውሃ በሌለበት ዳርቻ የወረዱ እናቶች

ከሥራ ደክማችሁ ቤታችሁ ስትገቡ ቧንቧው ደርቆ፣ ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ፣ ሕፃኑም እያለቀሰ የጠበቃችሁ ቀን መኖሩ አይቀርም። በዚያች ሰዓት የሚሰማችሁን ሐሳብ ያዙና ከእኔ ጋር ለጥቂት ጊዜ ወደ ሩቅ አገርና ወደ ሩቅ ዘመን እንሂድ።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1865 ነው። ሚሞሳ የተባለች አሮጌ የሻይ ማመላለሻ መርከብ ከእንግሊዝ አገር፣ ከሊቨርፑል ወደብ ተነሥታ ሁለት ወር ያህል በባሕር ላይ ከቆየች በኋላ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ አካባቢ፣ ፓታጎኒያ በሚባለው የአርጀንቲና ምድር ደረሰች። የጫነችው ከ150 በላይ የሚሆኑ የዌልስ ተወላጆችን ነው። አገራቸውን ለምን ለቀቁ? በአንድ በኩል ድህነቱና የባለ ርስቶቹ ጫና ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ቋንቋቸው እየተናቀ፣ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የእናታቸውን ቋንቋ በመናገራቸው ይቀጡ ነበር። ስለዚህ ማይክል ጆንስ የተባለ ሰባኪና ጓደኞቹ ማንም የማይደርስበት ሩቅ ምድር ፈልገው በቋንቋችን እንኑር አሉ። ለም መሬት እንደሚያገኙም ለሕዝቡ ተነገረው።

እስቲ ከእነዚያ እናቶች አንዷን አስቡ። ባሏ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ በስተቀር እርሻ የማያውቅ ሰው ነው። በመርከቧ ላይ የወለዱ ነበሩ፤ ልጃቸውን ለባሕር የሰጡም ነበሩ። የሕፃን ሬሳ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ውሃ ሲወርድ ያየች እናት መቃብሩን እንኳ ተመልሳ የምታይበት መንገድ የላትም። ይህን ሁሉ አልፋ ከመርከቧ ስትወርድ የጠበቃት ምንድን ነው? ነፋስ፣ አሸዋና እሾሃማ ቁጥቋጦ። በዚያ አገር ሐምሌ ክረምቱ የሚበረታበት ወር ነው። የሚጠጣ ውሃ በአቅራቢያው የለም። ከባሕሩ ዳር ባለው ለስላሳ ድንጋይ ውስጥ ዋሻ ቢጤ ቆፍረው ተጠለሉ።

የሚጠጣ ወንዝ፣ ቹቡት የሚባለው፣ የሚገኘው ከዚያ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ወንዶቹ በቡድን በቡድን ሆነው በእግር ተጓዙ። ከሴቶቹና ከሕፃናቱ ብዙዎቹ በትንሽ መርከብ ተጫኑ፤ ነገር ግን ያች መርከብ በማዕበል ስትማታ ለአጭሯ መንገድ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀች። ጡት የምታጠባ እናት ውሃ እየቆጠበች እንዴት እንደሰነበተች እናንተው ገምቱት።

ሸለቆውም ሲደርሱበት የተባለው ገነት አልነበረም። ዝናብ ጠብቀው ስንዴ ዘሩ፤ ዝናቡ ቀረ። የአርጀንቲና መንግሥት እህል ባይረዳቸው ኖሮ ባለቁ ነበር። ብዙዎቹ ቦታውን ትተን እንሂድ ወደሚል ሐሳብ ደርሰው ነበር። እዚህ ላይ ነው የአንዲት ሴት ስም የሚነሣው። ሬቸል ጄንኪንስ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1867 ባሏ አሮን የዘራው ስንዴ በሙቀት ሲጠወልግ፣ አጠገቡ ያለው ወንዝ ግን እስከ አፉ ሞልቶ ይፈስ ነበር። የሠፋሪዎቹ ልጆች ሲናገሩ እንደኖሩት፣ ወንዙ ከማሳው ከፍ ብሎ መሄዱን አስተውላ፣ ዳሩን በአካፋ ብንከፍተው ውሃው ራሱ ወደ እርሻው ይወርዳል ያለችው እርሷ ናት። ባሏ ቦይ ቆፈረ፤ ስንዴውም አገገመ። ጎረቤት ከጎረቤት እያየ ቦዩ ሸለቆውን ሁሉ አዳረሰው። የቹቡት ስንዴ እ.ኤ.አ. በ1889 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ለሽልማት በቃ። በብዙ ቦታ የተቆፋሪው ስም ሲጻፍ የአሳቢዋ ይዘነጋልና፣ የሬቸል ስም አለመጥፋቱ እኔን በግሌ ደስ ያሰኘኛል።

ሆኖም አንድ ነገር መዘለል የለበትም። ምድሩ ባዶ አልነበረም። ቴዌልቼ የሚባሉ አዳኝ ሕዝቦች በዚያ ሜዳ ሲዘዋወሩ የኖሩ ናቸው። መጀመሪያ ሲገናኙ ሠፋሪዎቹ ፈርተው ነበር፤ ልጆቻቸውን ወደ ጎጆ ያስገቡ እናቶችም አይጠፉም። ቴዌልቼዎቹ ግን እንዴት እንደሚታደን አሳዩአቸው፤ ሥጋና ቆዳ ይዘው ይመጡና ዳቦ ይዘው ይመለሱ ጀመር። ዳቦ በዌልስ ቋንቋ «ባራ» ነው፤ ይህች ቃል በቴዌልቼዎቹ አፍ ገባች። ንግዱ የሚካሄደው በየበሩ ስለነበር፣ ሊጥ ያቦካችው ሴት ራሷ የዚያ ወዳጅነት ባለቤት ነበረች ማለት ይቻላል።

ከ1870ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ግን የአርጀንቲና ጦር በነባሩ ሕዝብ ላይ ዘመተ። ብዙው ተገደለ፣ የቀረውም ተማርኮ ከምድሩ ተነቀለ። ሠፋሪዎቹ ለጎረቤቶቻቸው ምሕረት እንዲደረግ አቤቱታ ቢጽፉም ዘመቻው አልቆመም። ቋንቋችን እንዳይጠፋ ብለው ለተሰደዱ እናቶች፣ ዳቦ ሲቀበሏቸው የነበሩት ሴቶች በወታደር ሲነዱ መስማት ምን ይመስል ይሆን?

ወንዙም ቢሆን ሁልጊዜ ወዳጅ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1899 ሞልቶ ቤቱንም እርሻውንም ጠረገው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ከ200 በላይ ሰዎች እንደገና ጓዛቸውን ሸክፈው ወደ ካናዳ ተሰደዱ። የቀሩት ቦዩን እንደገና ጠገኑ። ዛሬም ጋይማን በምትባለው ከተማ ትምህርት በዌልስ ቋንቋ ይሰጣል፤ በሻይ ቤቶቿም የሴት አያቶች ዳቦና ኬክ ለእንግዳ ይቀርባል፤ ቦዮቹም ውሃ ያመላልሳሉ።