ስለ ወስፌና ስለ ባለሙያው ክብር

በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ገበያ ኮርቻ ወይም ሌማት የገዛችሁ ሁሉ፣ ሁለቱንም ያበጀች አንዲት ትንሽ መሣሪያ እንዳለች ልብ ብላችኋልን? ይህችውም ወስፌ ናት።

ወስፌ ጫፏ የሾለ፣ እጀታ የተበጀላት ቀጭን ብረት ናት። ሥራዋ መብሳት እንጂ መቁረጥ አይደለም። ቆዳ በቢላዋ ቢሰነጠቅ ስንጥቁ በጭነት ጊዜ እየሰፋ ይቀደዳል። በድቡልቡል ወስፌ ቢበሳ ግን ቃጫ መሰሉ የቆዳው ክር ሳይበጠስ ገለል ይላል፤ ጠፍሩ ካለፈ በኋላም ተመልሶ ያጠብቀዋል። ስፌት የምትሰፋውም ሴት ስንደዶውን በወስፌ በስታ አክርማውን ታሳልፋለች። ገመድ የሚገምደውም ሰው የጠበቀውን ቋጠሮ በሾለ እንጨት ወይም በቀንድ ቢፈታው ገመዱ ይድናል፤ በቢላዋ ቢሞክረው ግን ይበጥሰዋል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የወለጋ ቡና በጋማ ከብት ተጭኖ ወደ ጋምቤላ ወደብ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ሱዳን ይላክ ነበር። የኮርቻው ስፌት በመንገድ ቢተረተር ጭነቱ ከመንገድ ይቀራል፤ ስለዚህ የነጋዴው ትርፍ በቆዳ ሠሪው እጅ ጭምር የተገኘ ነበር። ሆኖም ቆዳ ሠሪው «ፋቂ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ፤ ንቀቱ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ዕቃውን አመስግኖ ሠሪውን መናቅ ምን ፍርድ ነው? ወደ ገበያ ስትወጣ ስፌቱን ገልብጠህ ተመልከት፤ ሙያውንም ካየህ በኋላ ባለሙያውን በስሙ ጥራው።