የሠርግ ማዕዳችንን በምን እናስጊጥ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን የመጀመሪያውን ተአምር ያደረገው በሠርግ ቤት ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችንም ጥር 12 ቀን የቃና ዘገሊላን በዓል ስታከብር ይህንኑ ታስባለች። ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ በምዕራፍ 2 ስድስቱን የድንጋይ ጋኖች ቆጥሮ ሲነግረን፣ ማዕዱ በምን እንዳጌጠ አላነሣም። እመቤታችን በዚያ ያየችው የጎደለውን ነበር። የማዕድ ጌጥ ስንመርጥም አስቀድመን ማየት ያለብን ለእንግዳው የጎደለውን ነው።

ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለው ጊዜ፣ እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ፣ በቡታጅራም የሠርግ ድንኳን ይጣላል። ቤተሰብ ከሚጨነቅባቸው ነገሮች አንዱ በየጠረጴዛው መካከል የሚቀመጠው ጌጥ ነው። ጌጥ በራሱ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ለዲኮር ሲባል ትዳር በዕዳ ሊጀመር አይገባም።

በመጀመሪያ ከማዕድ ላይ ሊቀመጥ የማይገባውን እንለይ። አንዳንዶቻችን በቅን ልቡና ትንንሽ ቅዱሳት ሥዕላትን በየጠረጴዛው ለማኖር እናስባለን። ሥዕል ክብር ባለው ስፍራ ሆኖ የሚጸለይበት ነው፤ በጠርሙስና በአጥንት መካከል ውሎ ማታ ከጥራጊ ጋር ሊወጣ አይገባውም። ስለዚህ በቤቱ የጸሎት ስፍራ በክብር ይቆይ።

ታዲያ ምን እናስቀምጥ? የአባቶቻችን ማዕድ መካከሉ መሶብ ነበር። ሰው በዙሪያው ተሰብስቦ ከአንድ እንጀራ ይቆርሳል፤ ጌጡም አንድነቱም እርሱ ነበር። ዛሬም በትንሽ መሶብ ወይም በስፌት ላይ ድፎ ዳቦ ማኖር ማዕዱን ያስከብረዋል። በጉራጌ ምድር ደግሞ እንሰት ከጓሮ አይጠፋም። ታጥቦ የተወለወለ የኮባ ቅጠል በጠረጴዛው መካከል ተዘርግቶ የክትፎው ጣባ ሲቀመጥበት፣ ከፕላስቲክ አበባ ይልቅ ያምራል፤ ወጪም አይጠይቅም።

አበባ ለሚወድ አደይ በመስከረም እንጂ በጥር አትገኝም። ጽጌረዳ ግን ሰፋፊ የአበባ እርሻዎች ካሉባት ከዝዋይ፣ ከቡታጅራ በስተምሥራቅ በቅርብ፣ ይገኛል። 30 ጠረጴዛ ላለው ሠርግ ለእያንዳንዱ 5 ዘንግ ቢታሰብ 150 ይበቃል። በዋዜማው ጫፉን በሰያፍ ቆርጦ በንጹሕ ውኃ ነክሮ በጥላ ማሳደር አበባው ቶሎ እንዳይጠወልግ ይረዳል።

በማንኛውም ጌጥ ሦስት ነገሮችን እናስተውል። ቁመቱ ከተቀመጠ ሰው አገጭ አይብለጥ፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሊተያዩና ሊጫወቱ ይገባልና። ሽታው የምግቡን መዓዛ አይሸፍን። ሻማ ከበራም ከድንኳኑ ጨርቅና ከሕፃናት እጅ ይራቅ።

በቡታጅራ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች በደስታም በኀዘንም ይጠራራሉ። ለሙስሊም እንግዶቻችን ለብቻ የሚዘጋጀው ማዕድ ከሌላው ያነሰ ጌጥ አይኑረው። የጎረቤት ዐይን የመጀመሪያው የሚያየው መከበሩን ነው።

በመጨረሻም ማዕዱ ሲነሣ ጌጡ የት እንደሚሄድ አስቀድመን እንወስን። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግብዣ ስናደርግ ብድራት ሊመልሱልን የማይችሉትን ድኆች እንድንጠራ አስተምሮናል። ዳቦው ለነዳያን ይቆረስ፤ አበባው በማግስቱ ሠርጉ ላይ ሊገኙ ላልቻሉ ሕሙማንና አረጋውያን ይድረስ። ሙሽሮቹ ራሳቸው ይዘውላቸው ቢሄዱ ደግሞ ምርቃቱን ከአረጋውያኑ አፍ ይቀበላሉ። እንዲህ ያለው ጌጥ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላም ሥራውን አይጨርስም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።