689,472፦ ከመቁጠሪያው ጀርባ ያለው ቁጥር

በክርያት አታ በየቤታችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የዕብራይስጥ መቁጠሪያ ሙሉ ለሙሉ ራሱን የሚደግመው በ689,472 ዓመት ነው። እንዴት?

በ19 ዓመት ውስጥ 12ቱ ዓመታት 12 ወር፣ አዳር የሚደገምባቸው 7ቱ ደግሞ 13 ወር አላቸው። ድምሩ 235 ወር ነው፤ ያን ጊዜ የጨረቃና የፀሐይ ቆጠራ ይቀራረባል። 19 ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአገራችን ባሕረ ሐሳብ ንኡስ ቀመር ይለዋል፤ በ28 ሲባዛ 532 ዓመት፣ ዐቢይ ቀመር ይሆናል።

ግን 19 ዓመት ሲሞላ ከሙሉ ሳምንታት በላይ 2 ቀን ከ16 ሰዓት ከ595 ክፋይ ይተርፋል፤ አንድ ሰዓት 1,080 ክፋይ ነው። ትርፉ ተጠራቅሞ ሙሉ ሳምንት እስኪሆን 19 ዓመት 36,288 ጊዜ ይመላለሳል።

ቁጥሩ ሲበተን 2 ስድስት ጊዜ፣ 3 አራት ጊዜ፣ 7 እና 19 አንድ አንድ ጊዜ ተባዝተው ይገኛል። ከ1 እና ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የለምና ብቸኛ ቁጥሮች ይባላሉ።

በአገር ቤት ቄሶቻችን በዓሉን የሚያውቁት ጨረቃን ቆጥረው ነበር። እንግዲህ ልጆች የሒሳብ ደብተር ሲዘረጉ «እኛ አልተማርንም» ብለን አንነሣ። ይህን ቁጥር እንስጣቸውና በ19 ያካፍሉት፤ ከዚያ የ19ኙን ታሪክ እኛ እንንገራቸው።