«አፍሪካ»፦ የስሙ ምንጭና ፍቺው

በስያሜ ጥናት ውስጥ ተመራማሪውን በቀላሉ የሚያሳስተው የድምፅ መመሳሰል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በየካ ክፍለ ከተማ ከኮተቤ አልፎ የሚገኘውን ካራን እንውሰድ። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ካራ ሲባል ቢላዋ ይታሰበዋል፤ ኦሮምኛ የሚያውቅ ግን መንገድ ማለት ነው ይላል። ቦታው ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው ጎዳና ከከተማዋ የሚወጣበት በር መሆኑ፣ በአካባቢውም ብዙ የኦሮምኛ የቦታ ስሞች መኖራቸው ሁለተኛውን ፍቺ ይደግፋል። ድምፁ አንድ ሲሆን ሚዛን የሚደፋው የቋንቋውና የቦታው ታሪክ ነው።

በዚሁ ሚዛን «አፍሪካ» የሚለውን ስም እንመርምር። ተማሪዎቼ ስሙን «አፈር» ከሚለው ቃል ሲያወጡት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ትቢያ የሚል ፍቺ ካለው የፊንቄ ቃል የሚያመጡት የውጭ ጸሐፊዎችም አሉ። ሌሎች ከላቲኑ «አፕሪካ» (ፀሐያማ)፣ ከግሪኩ «አፍሪኬ» (ብርድ የሌለበት)፣ ከበርበሩ «ኢፍሪ» (ዋሻ) ያወጡታል። ሊዮ አፍሪካኑስ እ.ኤ.አ. በ1550 በታተመው መጽሐፉ ከዐረብኛው «ፈረቀ» (ለየ) ጋር አያይዞታል። ሁሉም ስሙን በሚያውቁት ቋንቋ ጆሮ ሰምተውታል።

ከግምት ወጥተን ወደ ማስረጃ ስንመለስ ግን የምናገኘው የሕዝብ ስም ነው። ሮማውያን በካርታጎ ዙሪያ፣ በዛሬዋ ቱኒዚያ፣ ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች «አፍሪ» ይሏቸው ነበር። ነጠላው «አፌር» ነው፤ የኮሜዲ ጸሐፊው ቴሬንቲዩስም በዚሁ ቅጽል ይታወቃል። ከአማርኛው «አፈር» ጋር መቀራረቡ ወጥመድ እንጂ ማስረጃ አይደለም። «አፍሪካ» ማለት እንግዲህ የአፍሪዎች ምድር ማለት ነው። ካርታጎ በ146 ዓመተ ዓለም ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስትወድቅ ስሙ የሮማ ጠቅላይ ግዛት መጠሪያ ሆነ። ግሪኮች «ሊቢያ» ይሉት የነበረው አህጉርም ከጊዜ በኋላ በሙሉ በዚሁ ስም ተጠራ። ከፊሉ ለሙሉው ቆመ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የስም ፍቺ በምንጩ ብቻ አይወሰንም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት፣ ሌሎች ያወጡት ስም የባለቤቶቹ የጋራ መጠሪያ ሆኖ በቻርተር ሰፈረ። በመሆኑም በአንድ ግጥም ውስጥ «አፍሪካ» የሚለውን ቃል የሚተነትን ተማሪ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ሊያይ ይገባዋል፤ ስሙ ከየት መጣ? ገጣሚውስ ምን አሸከመው? የመጀመሪያው የታሪክ፣ ሁለተኛው የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ትንታኔ ገጣሚው ያላለውን ያስብለዋል።