«አላየሁም» ማለት «አልነበረም» ማለት አይደለም

ነጋዴ ከባሕር ማዶ የመጣለትን ዕቃ በጉምሩክ ሲረከብ የላኪውን ቃል ብቻ አምኖ ገንዘቡን አይቈጥርም፤ ሣጥኑን አስከፍቶ፣ ሚዛኑን አይቶ፣ በደረሰኙ ላይ ያለውን ቀን አስተያይቶ ነው እንጂ። አስተዳዳሪም ከሁለት ተሟጋቾች የአንዱን ቃል ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። ይህ ጥንቃቄ ግን ነገሩ ስለ መንግሥትና ስለ ጦርነት በሆነ ጊዜ ከብዙዎቻችን ይርቃል። በንግዱ አንድ ብር የማይታለል ሰው፣ የተነዛውን ወሬ እንደ ሰማው ተቀብሎ ሳይመዝን ለጎረቤቱ ያደርሳል።

የሐሰት ስብከት እንዴት እንደሚሠራና እንዴትስ እንደሚጋለጥ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፋሽስት ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግራ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ፣ በሰሜን ግንባር የተሰለፈው ጦር ስንቅና መሣሪያ የወረደው በምጽዋ ወደብ ነው፤ የመርዝ ጢስ የተመላበት ቦምብም አብሮ ወረደ። ኢጣልያ ግን እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚከለክለውን የጄኔቭ ውል ሰኔ 10 ቀን 1917 ዓ.ም. ፈርማ ነበር። ስለዚህ መርዙን መጣል ብቻ ሳይሆን መጣሉንም መሸሸግ የጦሩ ሥራ ሆነ።

ለመሸሸጉ ሥራ መሰናዶው አስቀድሞ ተደርጓል። ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት በሮም የጋዜጣና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ከጦሩ ጋራ የሚሄዱት የውጭ አገር ጋዜጠኞች በአሥመራ ተሰብስበው፣ የሚልኩት ቴሌግራም አስቀድሞ በመርማሪ እጅ ያልፍ ነበር። ከሮም የሚወጣው ወሬም ስለ ራሱ ሠራዊት ዝም ብሎ፣ ኢትዮጵያውያን የቀይ መስቀልን ምልክት ያለ አግባብ ይጠቀማሉ፣ የተከለከለ ጥይት ይተኵሳሉ እያለ ክስ ያበዛ ነበር። ተከሳሽ የሚሆነው ሰው ቀድሞ ከሳሽ ሆኖ መገኘቱ የቆየ ዘዴ ነው።

በዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር፤ በእኛ ወገንም ስሕተት ነበር። በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት የውጭ አገር ጋዜጠኞች ወደ ግንባር እንዳይሄዱ ለብዙ ጊዜ ተከልክለው ስለ ነበር፣ በሆቴል ተቀምጠው ወሬ ይገዙ ጀመር። በወረራው የመጀመሪያ ቀን በዓድዋ የቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ተመታ የሚል ወሬ ወደ ዓለም ሁሉ ተላለፈ። ኢቭሊን ዎ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ይህን ለማጣራት ቢሞክር እንዲህ ያለ ሆስፒታል አለመኖሩን እንደ ተረዳ ጽፏል። ሰውዬው ለኢጣልያ ያደላ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ሆኖም የተቃዋሚ ምስክርነት በመሆኑ ብቻ አይጣልም። ያልተጣራ ወሬ ጉዳቱ በኋላ ነው፤ ሐኪሞቹ በእውነት በተመቱ ጊዜ የሚጠራጠር ጆሮ አገኙ።

በእውነትም ተመቱ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በደቡብ ግንባር፣ በመልካ ዲዳ፣ በዶክተር ሂላንደር የሚመራው የስዊድን ቀይ መስቀል በአይሮፕላን ተደበደበ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ በኮረም አካባቢ ዶክተር ሜሊ የሚመሩት የእንግሊዝ አምቡላንስ ተመታ። ከዚሁ አምቡላንስ ሐኪሞች አንዱ፣ ዶክተር ማክፊ፣ በመርዝ የተቃጠሉትን ሰዎች እያከመ ያየውን በመጽሐፍ አሳተመ። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መልእክተኛ የነበረው ስዊሳዊው ዶክተር ዡኖም በመጋቢት ወር በኮረም ቁስለኞቹን በዓይኑ አየ። እነዚህ የአንድ መንግሥት ሰዎች አልነበሩም፤ ቃላቸው ግን ገጠመ። ምስክርነት የሚበረታው እንዲህ ሲሆን ነው እንጂ አንዱን ወሬ አሥር ጋዜጣ እየተቀባበለ ስላተመው አይደለም።

ይሁን እንጂ በሚያዝያ ወር የዓለም መንግሥታት ማኅበር ያለውን ማስረጃ እንዲሰጠው ቢጠይቅ፣ ያ ኮሚቴ ገለልተኛነቱን ምክንያት አድርጎ ሳይሰጥ ቀረ። በእኛ አስተያየት ለውሸቱ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመው ይህ ዝምታ ነው። ሰነዱን በሣጥን ቈልፎ «እኔ ከማንም ወገን አይደለሁም» የሚል ሹም ወዶም ሆነ ሳይወድ ከአንደኛው ወገን ይሆናል።

ነገሩ ከመካድ ባለፈ ጊዜ ደግሞ ሌላ ምክንያት ቀረበ። ሚኒቲ የተባለ ኢጣልያዊ አይሮፕላን ነጂ በታኅሣሥ አጋማሽ በደጋሐቡር አጠገብ ወርዶ ስለ ተገደለ፣ መርዙ የተጣለው ለእርሱ በቀል ነው ተባለ። እዚህ ላይ ነጋዴ አንባቢያችን ቀኑን ይመልከት። ሙሶሊኒ ለግራሲያኒ መርዝ እንዲጠቀም የፈቀደበት ቴሌግራም የተጻፈው ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ሰውዬው ከመሞቱ ከሁለት ወር በፊት ነው። ዕቃው ሳይታዘዝ የተቈረጠ ደረሰኝ የሚቀርብለት ሰው ምን እንደሚል ያውቃል።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ስለዚህ መርዝ ለመናገር በተነሡ ጊዜ ከላይ ሆነው በማፏጨት የረበሹት የኢጣልያ ጋዜጠኞች ነበሩ። ጋዜጠኛ ግን ያ ብቻ አልነበረም። የታይምስ ወኪል የነበረው ጆርጅ ስቲር በግንቦት ከአዲስ አበባ ከተባረረ በኋላ ያየውን ጽፎ አሳተመ። ምንም ሹመት ያልነበራት ሲልቪያ ፓንክረስትም ለኢትዮጵያ የሚሟገት ሳምንታዊ ጋዜጣ በለንደን አቋቁማ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ አወጣች። (ስቲር በ1933 ዓ.ም. በከረን ግንባር የእንግሊዝን የፕሮፓጋንዳ ክፍል እየመራ ለኤርትራውያን ወታደሮች ወረቀት ሲያስበትን ነበር፤ ስለዚህ ስብከት ሁሉ ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም።)

ክርክሩ ከጦርነቱ በኋላም አላለቀም። አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው ኢጣልያዊ ጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ስለ መርዙ ጢስ ቢጽፍ፣ የገዛ አገሩ ሰዎች አገር ከዳተኛ እያሉ ሰደቡት። ከተቃዋሚዎቹ ዋናው ስመ ጥሩው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ነበር። እርሱም በወረራው ጊዜ የኤርትራውያን ወታደሮች መኰንን ሆኖ የዘመተ ስለ ነበር «እኔ በቦታው ነበርሁ፤ መርዝ አላየሁም» ይል ነበር። ምናልባት እውነቱን ነው፤ እርሱ በነበረበት ስፍራ አልተጣለ ይሆናል። ነገር ግን አንድ መኰንን በአንድ ሸለቆ ያላየውን በሌላው ሸለቆ አልነበረም ሊያሰኝ አይችልም። ዴል ቦካ የመለሰለት በስድብ አልነበረም፤ በመዛግብት ቤት የሚገኙትን ትእዛዞች ከነቀናቸው እያወጣ ነበር እንጂ።

በ1988 ዓ.ም. የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስትር ጄኔራል ኮርቾኔ መርዙ በእርግጥ እንደ ተጣለ ለአገራቸው ምክር ቤት አረጋገጡ። ሰማንያ ስድስት ዓመት የሆነው ሞንታኔሊም ዴል ቦካ ትክክል እንደ ነበረ በጋዜጣው አመነ። በኮረም የተቃጠሉት ሰዎች ጉዳይ በሮም መዝገብ ላይ የታመነው ከ60 ዓመት በኋላ ነው።